የማይሸጠው መጋዝ

ብቻውን የሚኖር ሰው የሞተር መጋዝ ሊገዛ አይገባውም። ይህን የምለው ጣት ስለጎደለኝ አይደለም፤ አሥሩም በቦታቸው አሉ፣ ይህን ወግ የሚጽፉትም እነሱ ናቸው። ነገሩ ወዲህ ነው፤ ብቻውን የሚኖር ሰው ገበያ ሲወጣ ምን ሊገዛ እንደወጣ በትክክል አያውቅም። መጋዝ ፍለጋ የወጣ ይመስለዋል። እኔም መስሎኝ ነበር።

ላስ ቬጋስ ውስጥ የአንድ ትልቅ ሆቴል የባንኬት አስተናጋጅ ነኝ። ባንኬት ማለት ሺህ ሰው በአንድ አዳራሽ ተቀምጦ በአንድ ጊዜ ዶሮ የሚበላበት ነገር ነው። እኔ ከባድ ትሪ ትከሻዬ ላይ አድርጌ በወንበሮቹ መሀል እየተሽሎከለክሁ "ይቅርታ፣ ከኋላዎ ነኝ" እላለሁ። ሥራው ይኸው ነው። ድርብ ሺፍት በሠራሁ ቀን ቤቴ ገብቼ ፍሪጁን እንኳ "ከኋላህ ነኝ" ያልኩበት ጊዜ አለ። እንግዲህ በፈረንጆቹ 2020 ሆቴሉም፣ ካዚኖውም፣ መንገዱም ሲዘጋ፣ ከኋላው የምሆንለት ሰው አጣሁ።

ደባሌ ሳሚ "የጭነት መኪና ልንዳ፣ ለሁለት ሳምንት ነው" ብሎ ሻንጣውን ይዞ ወጣ። ሁለቱ ሳምንት እስከ ዛሬ አላለቁም። ቤቱ ውስጥ እኔና ፍሪጁ ቀረን። መጀመሪያ ሰሞን ዕረፍት መሰለኝና ተኛሁ። ቀጥዬ ቤቱን አጸዳሁ። ቀጥዬ ያጸዳሁትን አጸዳሁ። አንድ ቀን ግሮሰሪ ሄጄ ያ ራስህን በራስህ የሚያስከፍልህ ማሽን በሴት ድምፅ "እባክዎ ዕቃውን ከረጢቱ ውስጥ ያስቀምጡ" ሲለኝ፣ "እሺ እመቤቴ፣ እንዴት ዋልሽ?" ብዬ መለስኩላት። ድምፄ ዘይት እንዳጣ የበር ማጠፊያ ሲጢጥ አለ። ከሰው ጋር ካወራሁ መሰንበቴን ያወቅሁት ያኔ ነው።

ጨርሶ ብቻዬን ነበርኩ ካልኩ ግን ጋሽ እንድሪስን መበደል ይሆንብኛል። ጋሽ እንድሪስ አጥር የሚያዋስነን ጎረቤቴ ናቸው፤ የወሎ ሰው፣ ከኤርፖርት መንገደኛ ሲያመላልሱ የኖሩ ታክሲ ነጂ። ስኳር ስላለባቸው ልጆቻቸው "ሰው አጠገብ ድርሽ እንዳትል" ብለው አስጠንቅቀዋቸዋል። ታክሲያቸው ቆሟል፣ እሳቸውም ቆመዋል። በመካከላችን የብሎኬት አጥር አለ። ሁለታችንም አጭር ስለሆንን እሳቸው በወዲያ በኩል፣ እኔ በወዲህ በኩል ባልዲ ደፍተን እንወጣና ከዓይን በላይ እየተያየን እናወራ ነበር። ለወራት የማውቀው ግንባራቸውንና ኮፍያቸውን ብቻ ነው። ባልዲው ደግሞ ረጅም ጨዋታ አይወድም፤ ወሬው ሲጥም ይከዳል።

በጥቅምት አንድ ጠዋት ነፋስ መጣ። የቬጋስን ነፋስ የማያውቅ ሰው ነፋስ ሲባል ልብስ የሚያደርቀው ይመስለዋል። ይሄኛው የጎረቤት ልጆች የሚዘልሉበትን ትራምፖሊን አንስቶ ሌላ ጎረቤት ጣሪያ ላይ የሚያስቀምጥ ነው። በጋሽ እንድሪስ ጓሮ የነበረው ትልቁ የፈረንጅ ጥድ ሥሩ ጥልቀት አልነበረውምና እንደ ሰከረ ሰው ቀስ ብሎ ወደኔ ግቢ ተጋደመ፤ ሲጋደምም አጥሩን መሀል ለመሀል ናደው። እየሮጥኩ ወጣሁ።

"ጋሽ እንድሪስ! ደህና ነዎት?"

"አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ! አንተስ?"

"ደህና ነኝ። ዛፉ ግን…"

"ዛፉስ አለቀለት። አላህ ይዘንለት።" አቧራው ሲገልጥ በፈረሰው አጥር በኩል ቆመው አየኋቸው። እሳቸውም አዩኝ። ከላይ እስከ ታች ተመለከቱኝና፣ "ወላሂ፣ ጢም አለህ እንዴ?" አሉኝ።

ያን ጊዜ ነው ሐሳቡ የመጣላቸው። "ቆሞ ማውራት ጉልበቴን ጨረሰው" አሉ ግንዱን እየደባበሱ። "በዚህ ግንድ ረጅም አግዳሚ ቢሠራበትና እዚህ የፈረሰው ቦታ ላይ ቢቀመጥ፣ አንተ ከዚያ ጫፍ፣ እኔ ከዚህ ጫፍ እንቀመጥ ነበር። መሀሉን ለበሽታው እንተውለታለን።"

ጣውላ ከሱቅ ለምን አልገዛችሁም እንዳትሉኝ። በዚያ ወቅት ቤቱ የታጎረ ፈረንጅ ሁሉ አናጢ ሆኖ፣ ጣውላ እንደ ሽንት ቤት ወረቀት ጠፍቶ ነበር፤ የተገኘውም አይቀመስም። ዛፉ ደግሞ ተጋድሟል፣ ጊዜ ሞልቷል። የጎደለው መጋዝ ብቻ ነው። "እኔ እገዛለሁ" አልኩ። በሕይወቴ የቆረጥኩት ትልቁ ነገር የሠርግ ኬክ ነው።

የመጀመሪያውን መጋዝ የመረጥኩት ስለሚያምር ነበር። በባትሪ የሚሠራ፣ ቀላል፣ ድምፁ የዋህ። ሱቁ ውስጥ ሳነሳው እጄ ላይ ልክ እንደ ወይን ጠርሙስ ተቀመጠ። ጋሽ እንድሪስ ከሩቅ አይተው፣ "ይሄ መጋዝ ነው ወይስ ጢም መላጫ?" አሉኝ። ቅርንጫፎቹን ግን ሽው ሽው አድርጎ ጣላቸው፤ ኮራሁ። ከዚያ ወደ ዋናው ግንድ ዞርኩና ጣውላ ላወጣ በቁመቱ ለመሰንጠቅ ያዝኩት። ስንዝር ያህል ሄደና ተኛ። ባትሪውን ቻርጅ አድርጌ ተመለስኩ። ሌላ ስንዝር ሄደና ደግሞ ተኛ። ጋሽ እንድሪስ በጣታቸው ግንዱን ለኩና፣ "በዚህ አያያዝ የልጅ ልጆቼ ይቀመጡበታል፣ ኢንሻአላህ" አሉ።

መለስኩትና መካከለኛ የቤንዚን መጋዝ ገዛሁ። ቤንዚን ያለው መጋዝ የሚነሳው ገመድ በመሳብ ነው። ሳብኩ። ደግሜ ሳብኩ። ትከሻዬ በትሪ ብረት የሆነ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ትሪ ወደ ላይ ይነሳል እንጂ ወደ ኋላ አይጎተትም።

"ቢስሚላህ በል እንጂ" አሉኝ ጋሽ እንድሪስ።

"በስመ አብ ብያለሁ፣ ጋሼ።"

"እኔም ቢስሚላህ ብያለሁ። እንግዲህ በሁለቱም ከተሞከረ ችግሩ ቤንዚኑ ነው።"

በኋላ ተነሳ። ግንዱን አግድም ሲቆርጥ ጀግና ነበር። በቁመት ስይዘው ግን ማቃሰት፣ ቀጥሎም መጨስ ጀመረ፤ መስመሩም ከግራ ወደ ቀኝ እየተንገዳገደ እንደ እባብ ሄደ። የዚያን ቀን የገባኝ ነገር ቢኖር፣ ግንድ መቁረጥ ሸክም ይዞ ሜዳ መሄድ ከሆነ፣ ግንድ መሰንጠቅ ያንኑ ሸክም ይዞ ዳገት መውጣት ነው። ጉልበት ያለው ሞተር ይፈልጋል፣ ከግንዱ ስፋት የሚበልጥ ርዝመት ይፈልጋል፣ ጥርሱ ለዚሁ የተሳለ ሰንሰለት ይፈልጋል። ሁለተኛውንም መለስኩ። ዕቃ የምትቀበለው ሴትዮ ቀና ብላ፣ "አሁንም አንተ ነህ?" አለችኝ። እውነቱን ልንገራችሁ? ደስ አለኝ። ያወቀኝ ሰው ተገኘ።

ከዚያ ነው ያገለገለ ዕቃ ከሚሸጥበት ድረ ገጽ ላይ አንድ ማስታወቂያ ያየሁት። "ትልቅ መጋዝ። ግንድ ለሚሰነጥቅ። ለሚያውቅበት ሰው ብቻ" ይላል። የማላውቅበት መሆኔን እያወቅሁ ደወልኩ። ወፍራም የሽማግሌ ድምፅ፣ "ሐሙስ ና" አለኝ። ለምን ዛሬ አይሆንም አላልኩም። እንደኔ ዓይነቱ ሰው ሐሙስ የሚባል ቀጠሮ ካገኘ ረቡዕም ይጣፍጠዋል።

ኢንስፒራዳ የሚባል ሰፈር ሄድኩ። ቤቶቹ አዳዲስ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት፣ ሁሉም የአሸዋ ቀለም ናቸው። የሱን ቤት የለየሁት ጋራዡ ክፍት ስለነበረ ነው። ሰውዬው በሩ ላይ በሸራ ወንበር ተቀምጧል። ራቅ ብሎ ሌላ ባዶ ወንበር ተዘርግቷል። "ተቀመጥ" አለኝ። መጋዝ ሊገዛ የመጣን ሰው ተቀመጥ የሚል ሻጭ አይቼ አላውቅም።

ስማቸው ሚስተር ዴል ነው። በእንግሊዝኛ አንተና አንቱ ስለሌለ እዚያ እኩዮች ነበርን፤ በአማርኛ ሳወራችሁ ግን አንቱ ካላልኳቸው አፌ እሺ አይለኝም። ሚስተር ዴል ዕድሜያቸውን በሙሉ ኦሪገን ጫካ ውስጥ ዛፍ ሲጥሉና ሲሰነጥቁ የኖሩ ናቸው። ሚስታቸው ስትሞትባቸው አንድ ልጃቸው "አንተም" በሚባለው ሰፈር ካለው ቤቷ አጠገብ እንዲሆኑ ብላ ወደዚህ በረሃ አመጣቻቸው። ቫይረሱ ሲመጣ ደግሞ፣ እንዳላስይዘው ብላ አስቤዛ በር ላይ አስቀምጣ፣ ከመኪናዋ ሆና እጇን አውለብልባ ትሄዳለች። "ከኔ አሥር ደቂቃ ነው የምትኖረው" አሉኝ። "ኦሪገን ሳለሁ በሳምንት ሦስት ቀን ነበር የምንደዋወለው። አሁን ስለቀረብኳት አትደውልም።"

መጋዙ መሀል ጋራዥ ጠረጴዛ ላይ ነበር። አሮጌ፣ ቀይ፣ ሞተሩ የሞተር ሳይክል የሚያህል። ሰንሰለቱ የሚሽከረከርበትን ረጅም ብረት እንግሊዝኛው "ባር" ይለዋል፤ ቬጋስ ለሚኖር ሰው ባር ሌላ ነገር ስለሆነ እኔ ምላስ ብዬዋለሁ። ምላሱ ክንዴን ከነትከሻዬ ይበልጣል። በላዩ ላይ የሚታሰር የብረት ማዕቀፍ አለው፤ መጋዙ ግንዱ ላይ ተኝቶ እየተንሸራተተ ውፍረቱ እኩል የሆነ ጣውላ የሚያወጣው በዚያ ነው።

"ግንዱ ስንት ኢንች ነው?" አሉኝ።

እጆቼን ዘረጋሁ። "ይሄን ያህል።"

ሚስተር ዴል አዩኝ። "ይሄ ኢንች አይደለም፣ ይሄ እቅፍ ነው። ለክተህ ሐሙስ ና።"

ሜትር ስለሌለኝ ግንዱን በቀበቶዬ ለክቼ፣ ቀበቶው ላይ በእስክሪብቶ ምልክት አድርጌ፣ ሱሪዬን በእጄ ይዤ ሄድኩ። ሚስተር ዴል ቀበቶውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው በክብር ለኩት። ከዚያ፣ "ይሄ የወፍራሙ ጫፍ ነው የቀጭኑ?" አሉ። አላስታወስኩም። "በል፣ ሐሙስ።"

በሚቀጥለው ሐሙስ ሁለቱንም ጫፍ ለክቼ ሄድኩ። "ምን ዓይነት ጥድ ነው?" አሉ። ጥድ ጥድ ነው እንጂ ምን ዓይነት አለው? ቁራጭ ይዤ እንድመጣ አዘዙኝ። ቁራጩን ስወስድላቸው ተቀብለው አገላበጡት፤ ከዚያ ማስካቸውን ዝቅ አድርገው አፍንጫቸው ላይ ለጠፉት። ረጅም ጊዜ እንደዚያው ቆዩ። እኔ የማየው ቦታ አጥቼ የመንገዱን ማዶ አጥር አየሁ። ዞር ስል ዓይናቸውን በእጅጌያቸው እየጠረጉ ነው።

"ሙጫው ነው" አሉ።

"ሙጫ ያስለቅሳል" አልኩ። ሙጫ እንደማያስለቅስ ሁለታችንም እናውቃለን።

እንዲህ እያልን የፈረንጆቹ ክረምት ገባ። የመጋዝ ምርጫችን ግን እንደ መንግሥት ኮሚቴ ወደ ኋላ ይሄድ ጀመር። አንድ ሐሙስ ሚስተር ዴል፣ "ላንተ ይሄ ሞተር ብቻ ነው የሚሆንህ፣ ከዚህ ያነሰ ይቃጠልብሃል" ይላሉ። በሚቀጥለው፣ "ሳስበው ይሄ ለአንተ ቁመት ይበዛል። ክብደትህ ስንት ነው?" ይሉኛል። በሌላው ደግሞ የኤሌክትሪክ ይሻላል ብለው ይጀምሩና፣ ራሳቸው የኤሌክትሪክ መጋዝ ሲሳደቡ ይውላሉ። ሰንሰለት ሲሳል ጥርሱን በየትኛው ማዕዘን መያዝ እንዳለብኝ አስተምረውኝ፣ ስመለስ ትክክል አልነበረም ብለው ሌላ ማዕዘን ያስተምሩኛል። እኔም አላነስኩም፤ የገባኝን እንዳልገባኝ፣ ያየሁትን እንዳላየሁት እሆናለሁ። ቤቴ እየገባሁ የሳምንቱን ጥያቄ እፈልጋለሁ። አንድ ጊዜ ጥያቄ ጠፍቶኝ፣ "ለመሆኑ ቀለሙ ቀይ የሆነው ለምንድን ነው?" ብያቸዋለሁ። ሙሉ ከሰዓት ፈጀልን።

አንድ ቀን እንደተቀመጥን አንድ ጎጆ የሚያህል ፒክአፕ መጥቶ ደጃፉ ላይ ፓርክ አደረገ። የወረደው ሰው ጺማም፣ ክንዱ የኔን ጭን የሚያህል፣ ጫማው እንጨት የሚያውቅ ነው። መጋዙን አንስቶ በአንድ እጁ ገለበጠው፣ ሰንሰለቱን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ። "እወስደዋለሁ" አለ፣ ብሩንም አወጣ።

"ተሽጧል" አሉ ሚስተር ዴል።

ሰውዬው ቅር እያለው ሄደ። እኔ ልቤ ዘለለ። "ለማን ተሸጠ?" አልኳቸው።

"ገና አልወሰንኩም" አሉ፣ ቡናቸውን ፉት ብለው።

ይህን ለጋሽ እንድሪስ ነገርኳቸው። አሁን በፈረሰው አጥር በኩል ባልዲ ላይ ተቀምጠን ነው የምናወራው፤ መቆሙ ቢያንስ ቀርቶልናል። ጋሽ እንድሪስ እስክጨርስ አዳመጡኝና፣ "ልጄ፣ ይሄ ሰውዬ መጋዝ እየሸጠ አይደለም፤ ሰው እየገዛ ነው" አሉኝ።

"እኔም እኮ ጠርጥሬያለሁ፣ ምስኪን" አልኩ።

"አንተስ?"

"እኔ ምን?"

"አንተስ መጋዝ ነው የምትገዛው?"

ተቆጣሁ። ሰው የሚቆጣው እውነት ሲነገረው ነው የሚባለውን አልወደውም፤ ግን ተቆጣሁ። እኔ ብቸኛ አይደለሁም፣ የቴክኒክ መረጃ እያሰባሰብኩ ነው አልኩ። ይህንንም ለማሳየት በሚቀጥለው ሐሙስ ቀረሁ። ጠዋት ልብስ አጠብኩ፤ የታጠበውን አጠፍኩ፤ የታጠፈውን ዘርግቼ እንደገና አጠፍኩ። ስልኬን አሥር ጊዜ ቼክ አደረግሁ። እኩለ ቀን ላይ ጠራ።

"ዛሬ ሐሙስ ነው" አሉ ሚስተር ዴል።

"አዎ፣ ሐሙስ ነው።"

"አይ፣ ቀኑ ተምታቶብኝ ነው። ሐሙስ ከሆነ እሺ። ደህና ዋል።"

ጫማዬን ሳላስር መኪና ውስጥ ነበርኩ። ስደርስ ባዶው ወንበር በቦታው ነው። አንዳችንም ስለ ስልኩ አላነሳንም። ስለ ሰንሰለት ዘይት አወራን።

መጋቢት ሲመጣ ክትባቱም መጣ። ጋሽ እንድሪስ በዕድሜያቸው ቀድመው ተከተቡ፤ እኔም ተራዬ ደረሰኝ። ሆቴሉም ለአንዳንድ ቀን ሺፍት ይጠራኝ ጀመር፤ አዳራሹ ውስጥ ሰዎቹ ተራርቀው ስለሚቀመጡ ከማንም ኋላ መሆን አያስፈልግም ነበር። አንድ ሰኞ ሚስተር ዴል ደወሉ። ሰኞ መሆኑ ራሱ አስደነገጠኝ።

"መጥተህ ውሰደው" አሉኝ።

ስደርስ ጋራዡ በካርቶን ተሞልቷል። ልጃቸው ካርቶን ላይ እየጻፈች ነው፤ የሳቸው አፍንጫ ያላት፣ ቸኩላ የምትናገር ሴት። "የሐሙሱ ሰው አንተ ነህ?" አለችኝ። "ይሄን መጋዝ ሽጠው ካልኩት ዓመት ሊሞላኝ ነው።" ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "አይዳሆ ቤት ገዝተናል። ታች ለሱ ክፍል አለው። በመስኮቱ ዛፍ ይታያል" አለችኝ፤ እኔን ይቅርታ የምትጠይቅ ትመስል ነበር።

ሚስተር ዴል መጋዙን በጨርቅ ወልውለው፣ ምላሱን በካርቶን ሸፍነው አስቀምጠውታል። ይኼኔ ጉድ ፈላ፤ እኔው ራሴ አልገዛም አልኩ።

"ምናልባት ይከብደኝ ይሆናል" አልኳቸው።

"አይከብድህም።"

"ለቁመቴ ይበዛል ብለውኝ ነበር።"

"ተሳስቼ ነው።"

"እስቲ ሌላ ደግሞ አይቼ…"

"ሌላ የለም" አሉ። አነሱና ሁለቱ እጆቼ ላይ አስቀመጡት። እውነትም አልከበደኝም፤ ለብዙ ወራት በቃል ስሸከመው ስለነበር ለምጄዋለሁ መሰለኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ማስክ ሙሉ ፊታቸውን በቅርብ ያየሁት ያኔ ነው። ከጠበቅኳቸው በሰውነት ያነሱ ሽማግሌ ነበሩ። ስንሰነባበት እጃቸውን ዘረጉልኝ፤ እኔ በልማድ ክርኔን ዘርግቼ ነበር፣ እጃቸው ክርኔን ጨበጠ። እንደዚያው ነቀነቁት።

ግንዱን የሰነጠቅነው በማግስቱ ቅዳሜ ነው፤ ማግስቱ ያልኩት ሳምንቱ እንዴት እንዳለፈ ስላላወቅሁ ነው። ላዩ ላይ የመጀመሪያው ቅድ ቀጥ እንዲል መሰላል አስረን፣ ማዕቀፉን በመሰላሉ ላይ እንዲሄድ አደረግን። ጋሽ እንድሪስ በኮፍያቸው ላይ የጆሮ መከላከያ ደርበው ሽብልቅ እያስገቡ፣ እኔ እየገፋሁ። መጋዙ በሁለተኛው ስበት ተነሳ። ቅር አለኝ፤ ቢያንስ ትንሽ ቢያስቸግር ምን ነበረበት? የመጀመሪያው ጣውላ አንዱ ጫፉ እንደ መጽሐፍ ወፍራም፣ ሌላው ጫፉ እንደ ጋዜጣ ስስ ሆኖ ወጣ። ሁለተኛው ግን ጣውላ ነበር፤ የእውነት ጣውላ፣ ውስጡ የማር ቀለም፣ ሽታው ግቢውን የሞላ። ሞተሩን አጥፍተን ሁለታችንም አየነው። "ማሻአላህ" አሉ ጋሽ እንድሪስ። እኔ የማሳየው ሰው ፈልጌ ዞር ዞር አልኩ።

አግዳሚው ተሠራ። እግሮቹን ወደ መሀል አስጠግቼ ስለመታኋቸው ጋሽ እንድሪስ ከወዲያ ጫፍ ሲነሱ እኔ ከወዲህ ጫፍ መሬት ወረድኩ፤ ዳሌዬ እስካሁን የአየር ጠባይ ይናገራል። እግሮቹን አስተካከልንና ተቀመጥን። ያኔ ሁለታችንም ተከትበናል፤ ተጠጋግተን ብንቀመጥ የሚከለክለን አልነበረም። ግን ማን ይጠጋ? አንድ ዓመት ሙሉ የራቀ ሰው ለመጠጋት ያፍራል። በየጫፋችን ተቀምጠን እየጮህን አወራን።

ሐሙስ ሲደርስ ግን መኪናውን አስነስቼ የት እንደምሄድ ጠፋኝ። ተመልሼ ጓሮ ገባሁና አይዳሆ ደወልኩ። ሚስተር ዴል ስልኩን ያነሱት ድምፃቸው ሰልሎ ነው። እንዴት ነው ቤቱ አልኳቸው፤ ደህና ነው አሉ። ዛፉስ አልኳቸው፤ አለ አሉ። ልጃቸውስ፤ ሥራ ላይ ናት፤ የልጅ ልጆቻቸውስ፤ ትምህርት ቤት። ከዚያ የሚባል ነገር አለቀ። ሊዘጉት መሆኑን አወቅሁ፤ አፌ ሳላዝዘው ተናገረ።

"ሚስተር ዴል፣ መጋዙ አልነሳ አለኝ።"

"ምን?" ወንበር ሲንቀሳቀስ ተሰማኝ። "እንዴት አይነሳም? አየር መዝጊያውን ስበሃል? ካንዴላውን ፈትተህ አየኸው? ቆይ፣ ቆይ፣ መነጽሬን ላድርግ…" ድምፃቸው ያ የጋራዡ ድምፅ ሆነ። እኔ አግዳሚዬ ላይ ተጋድሜ "አዎ፣ አይ፣ እሺ፣ አሁን ደግሞ" እያልኩ ጀንበር ዘቀዘቀች። ሊዘጉ ሲሉ፣ "በሚቀጥለው ሐሙስ ምን እንዳለ ንገረኝ" አሉ።

በሚቀጥለው ሐሙስ መጋዙ ቤንዚን አንጠባጠበ። በሌላው ሰንሰለቱ ላላ። አንዴ የውሸት ብልሽት ጠፍቶኝ፣ ዘይቱ ሽታው ተቀየረ ብያቸዋለሁ። መጋዙ ምስኪን ስሙ ሲጠፋ ጥግ ላይ ዝም ብሎ ይሰማ ነበር። ለጋሽ እንድሪስ አልነገርኳቸውም። ይስቁብኛል ብዬ ሳይሆን፣ እንደገና አንድ ነገር ይጠይቁኛል ብዬ ነው።

አንድ ሐሙስ እንደ ልማዴ ደውዬ፣ ግቢዬ ውስጥ ወዲያ ወዲህ እያልኩ፣ "ሚስተር ዴል፣ ምን ልበልዎ፣ ገመዱን ብስብ ብስብ ጭራሽ ትንፍሽ አይልም፤ የሞተ ነው የሚመስለው" እላለሁ። ጋሽ እንድሪስ ለካ በዚያው ሰዓት ከተረፈው ግንድ ለራሳቸው የእግር ማሳረፊያ ሊቆርጡ አስበዋል። መጋዙን ከጥግ አንስተው፣ ቢስሚላህ ብለው፣ አንዴ ሳቡት።

መጋዙ እንደ አንበሳ አገሳ።

ስልኩን ደረቴ ላይ ለጠፍኩት። እጄን አወናጨፍኩ፤ ጋሽ እንድሪስ ሰላምታ መስሏቸው መልሰው አወናጨፉልኝ፣ ደስ ብሏቸውም ጋዙን ጨመሩት። ግቢው ተንቀጠቀጠ። በመጨረሻ ገባቸውና አጠፉት። ስልኩን ቀስ ብዬ ወደ ጆሮዬ መለስኩ። ተዘግቷል ብዬ ነበር፤ አልተዘጋም። ሩቅ ትንፋሽ ይሰማል።

"ሚስተር ዴል…" አልኩ።

እሳቸው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ድምፁ ጥሩ አይደለም" አሉ። "ጨርሶ ጥሩ አይደለም። እንዲህ ያለ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም። በል ቁጭ በል፣ ከመጀመሪያው እንጀምረዋለን። ጊዜ አለህ?"

"አለኝ" አልኳቸው።